የታጠፈው ዓምድ

በየማለዳው፣ የክፍሏን በር ከመክፈቷ በፊት፣ ከመስኮቱ ውጭ ትቆማለች፤ ዕቃ የጠፋባቸው ሰዎች በሚቆሙበት በኩል። ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ስልኳን ታወጣና የራሷን መሥሪያ ቤት ገጽ እንደ ባዳ ትከፍታለች። ጃንጥላ፣ ጥቁር። የእጅ ቦርሳ፣ ቡናማ። የሕፃን ጫማ፣ አንድ እግር። በአውራ ጣቷ እየገፋች ከላይ እስከ ታች ታነባለች። ሊታይ የማይገባው ነገር አለመታየቱን ስታረጋግጥ ነው ቁልፏን የምታወጣው። ዝናብ ቢዘንብም፣ አርፍዳ ብትመጣም ይህን ሳታደርግ አትገባም።

"ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋብሽ?" ይሏታል ጋሼ መደርደሪያ ከኋላዋ ሲደርሱ። የዕቃ ክፍሉ ሠራተኛ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሲደረድሩ ኖረው ራሳቸውም እንደ መደርደሪያ ረዘም፣ ቀጥ፣ ደረቅ ስላሉ ስሙ የወጣላቸው ማንም ሳይደክም ነው።

"ልቤ ጠፋኝ፣ ጋሼ።"

"እሱን እስካሁን ያስረከበ ሹፌር የለም። ይልቅ ግቢ፣ ብርድ ነው።"

ክፍሉ የከተማ አውቶቡሶች ዋና ጣቢያ ውስጥ፣ ከትኬት መሸጫው ቀጥሎ ያለ ጠባብ ቤት ነው። ፊት ለፊቱ ተንሸራታች መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር የሰው ክርን ያጠቆረው ጣውላ፣ ከኋላ እስከ ጣራ የሚደርስ የብረት መደርደሪያ። አውቶቡስ ላይ የተረሳ ሁሉ ማምሻውን እዚህ ይመጣል። መነጽር፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ወረቀቱ ያልተቀደደ ስጦታ፣ በመሐረብ የተጠቀለለ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ክራንችም አለ፣ ከነጥንዱ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ጋሼ መደርደሪያ ያሳዩታል፤ "በክራንች ተሳፍሮ በእግሩ የወረደ ሰው አለ። የስንት ቁጥር አውቶቡስ እንደሆነ ባውቅ ለጉልበቴ እሳፈርበት ነበር።"

እሷ መዝጋቢዋ ናት። ከዚያ መስኮት ኋላ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። ሹፌሩም፣ ትኬት ቆራጩም፣ ጠራጊዋም "ምልክቱስ" እያሉ ይጠሯታል፤ ሰው መጥቶ "ጃንጥላ ጠፋብኝ" ሲላት ቀና ብላ የምትለው እሱኑ ስለሆነ። ጥቁር ነው ይላታል። ምልክቱስ? እጀታው ቆልማማ ነው። የሁሉም ቆልማማ ነው፤ ምልክቱስ? አንድ ሹፌር አንዴ "ሚስት አገባሁ" ብሎ ቢያበስራት "ምልክቱስ?" አለችው ብለው ያሙዋታል። እሷ አላልኩም ትላለች። ብላም ይሆናል።

ሥራውን ያስተማሯት ከእሷ በፊት የነበሩት አዛውንት መዝጋቢ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ሲቀራቸው አጠገባቸው አስቀምጠው፣ በአንድ ትልቅ መዝገብ ላይ። መዝገቡ ሰባት ዓምድ ነበረው። ስድስቱ ማንም ቢያያቸው ግድ የላቸውም፤ ቀኑ፣ የአውቶቡሱ ቁጥር፣ ዕቃው፣ ቀለሙ፣ ያስረከበው፣ የወሰደው። ሰባተኛው የምልክት ዓምድ ነው። እሱን አዛውንቷ በማስመሪያ ጠርዝ እያስያዙ ወደ ውስጥ ያጥፉት ነበር፤ ጣውላው ላይ የተደገፈ ሰው አንገቱን ቢያሰግግ እንኳ እንዳያነበው።

"ዕቃ የሚመለሰው ለጠየቀ አይደለም፤ ላወቀ ነው" አሏት። "ባለቤቱና አንቺ ብቻ የምታውቁት አንድ ነገር ይኑር። ያ ነገር ሦስተኛ ሰው ጆሮ የገባ ቀን መስኮትሽን ዝጊና ወደ ቤትሽ ሂጂ።"

አሥር ዓመት ሙሉ ዓምዱን ሳታጥፍ ከወንበሯ ተነሥታ አታውቅም። ውኃ ልትጠጣ ስትነሣ እንኳ ታጥፈዋለች።

ከዚያ ሲስተሙ መጣ። ድርጅቱ የጠፋ ዕቃ ዝርዝርን ሰው ቤቱ ሆኖ በስልኩ እንዲያይ ፈለገ፤ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ላከ። ልጁ ሁለት ቀን አጠገቧ ተቀመጠ። ሲናገር ነጠላ ሰረዝ የማያውቅ ሰው ነበር።

"እህቴ፣ እያንዳንዷ ሣጥን ፊልድ ትባላለች እያንዳንዷ ፊልድ የራሷ ሴቲንግ አላት። ስሟን፣ ከሥሯ የሚጻፈውን ማብራሪያ፣ በግድ ትሞላ ወይስ አትሞላ፣ ለሕዝብ ትታይ ወይስ አትታይ፣ ሁሉን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ከዚያ 'አስቀምጥ' የምትለውን ተጫኚ። ሳትጫኚ ከወጣሽ ልፋትሽን ውኃ በላው።"

"ተሳስቼ ከተጫንኩስ?"

"እሱ ምን ቸገረው፤ የሰጠሽውን ነው የሚያስቀምጠው።"

ልጁ ከሄደ በኋላ ለብዙ ሳምንት ምንም አልነካችም። ከዚያ አንድ ቀን፣ ቀስ ብላ፣ "የንጥል መግለጫ ሁለት" የሚለውን ስም አጥፍታ "ምን ይመስላል?" ብላ ጻፈች። አስቀምጥ። ገጹ ብልጭ አለና ቃሏ ቃል ሆኖ ተቀመጠ። ደስታው እንደ ነውር አስደነገጣት። የሚያያት ሰው እንዳለ ዞር ብላ አየች።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት። በየሣጥኑ ሥር በራሷ አንደበት ማብራሪያ ጻፈች፤ ቅጹን የሚሞሉት የሌሎቹ ጣቢያዎች መዝጋቢዎችም ስለሆኑ። ከቀለም ሥር፤ "ጥቁር የመሰለ ሁሉ ጥቁር አይደለም። ብርሃን ላይ አውጥተህ እየው።" ከጫማ ሥር፤ "ሁለቱም እግር አለ? ቁጠር።" ለሞባይል ሌላ ቅጽ፣ ለጃንጥላ ሌላ ቅጽ አበጀች። የሰሜኑ ጣቢያ መዝጋቢ ደወለላት፤ "ምልክቱስ፣ ይኼ ቅጽሽ እንደ እናቴ ይቆጣኛል።" "ታዲያ ቁጠርና ጻፍ" አለችው፤ ስልኩን ዘግታም ብቻዋን ፈገግ ስትል ቆየች። በአሥራ አንድ የሥራ ዓመቷ እጇ የሠራው ነገር ሲታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

አንድ ሰኞ ለሥራ መሣሪያዎች የሚሆን ቅጽ ልታዘጋጅ ተቀመጠች። መዶሻ፣ መጋዝ፣ የቀለም ቀቢ ብሩሽ፣ ሠራተኛ የሚረሳው ብዙ ነው። የተሰወረው ምልክት የሚጻፍበት ሣጥን ያስፈልጋታል። አዲስ ሣጥን ከባዶ መፍጠር አሥራ ሁለት ሴቲንግ መሙላት ነው። ስለዚህ የቀለምን ሣጥን ቀዳች፤ "ቅዳ" የሚል ትእዛዝ አለው። በቅጂው ላይ ስሙን ቀየረች፣ ማብራሪያውን ቀየረች፣ አሥራ አራቱን ሣጥኖች ከላይ እስከ ታች በሚያምር ቅደም ተከተል ደረደረች። ድርድሩ ቀኑን ሙሉ ፈጀ። አስቀምጥ።

ቀለም ግን ለሕዝብ የሚታይ ሣጥን ነው። "ለሕዝብ ይታይ" ከሚለው ፊት ያለችው ትንሽ ጭረት ከቅጂው ጋር አብራ ተቀድታለች። የታጠፈው ዓምድ ተዘረጋ። አራት ቀን እንደተዘረጋ ቆየ።

ማክሰኞ አንድ ሹፌር በጨርቅ የተጠቀለለ መቀስ አስረከበ። ከባድ፣ የልብስ ሰፊ መቀስ። ጋሼ መደርደሪያ ወረቀት ሊቆርጡበት ሞከሩ፤ ወረቀቱ በስለቱ መካከል ተጣጥፎ ቀረ።

"ይኼስ አኩርፏል።"

"የግራ እጅ ነው፣ ጋሼ። ያዙሩት።"

በግራ እጇ ስትይዘው ወረቀቱ እንደ ውኃ ተከፈለ። እጀታው በሰማያዊ ክር ተጠምጥሟል። ክሩን በጥንቃቄ ፈታች፤ ከሥሩ፣ ብረቱ ላይ፣ ሦስት ነጥብ ተመትቷል። መልሳ ጠመጠመችው፤ እንደነበረው ግን አልጠበቀላትም። ከዚያ በአዲሱ ቅጽ፣ በአዲሱ ሣጥን ጻፈች፤ "እጀታው በሰማያዊ ክር የተጠመጠመ። ክሩ ሲገለጥ ከሥሩ ሦስት ነጥብ።"

ረቡዕ ከምሳ በፊት ግራጫ ሹራብ የለበሰች፣ ፊቷ ጨዋ የሆነ ሴት መስኮቱ ላይ ቆመች።

"መቀስ ጠፍቶብኝ ነበር። የግራ እጅ።"

"ምልክቱስ?"

"እጀታው በሰማያዊ ክር የተጠመጠመ። ክሩ ሲገለጥ ከሥሩ ሦስት ነጥብ።"

ያለ አንድ ስህተት፣ እንደ ተጠና ትምህርት። መዝጋቢዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ብዙ ግን ልታያት አልፈለገችም። መቀሱን አመጣች። ሴትየዋ "የወሰደው" በሚለው ላይ ስሟንና ስልኳን ጽፋ ፈረመች። በቀኝ እጇ ነው የፈረመችው። መዝጋቢዋ አየች። ለእናቷ ይሆናል፣ ለአክስቷ ይሆናል አለች በልቧ። ሴትየዋ አመስግና ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ አዲሱን ቅጽ ሊያዩ መጡ። ከወንበሯ ኋላ ቆመው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ድርድሩን ሲመለከቱ ቆዩና "እኛ ባለሙያ ከውጭ እንፈልጋለን፤ ባለሙያው ግን እዚሁ ጃንጥላ ሲቆጥር ነበር" አሉ። ስድስቱን ጣቢያዎች አንቺ ነሽ የምታሠለጥኚው አሏት። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ያን ዕለት ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ መጡ። ወደ ሰባ የሚጠጋቸው፣ አንገታቸው ላይ ሜትር እንደ ሐብል ያንጠለጠሉ፣ ጠባብ ትከሻ ያላቸው ሴት ናቸው። ግራ እጃቸውን ጣውላው ላይ ዘርግተው አሳረፉ።

"መቀሴን ነው፣ ልጄ። ሰኞ አውቶቡስ ላይ ረሳሁት፤ እስከ ትናንት ቤቴን ስበረብር ቆየሁ።"

"ምልክቱስ፣ እማማ?" አፏ ከልቧ ቀደመ።

"ይኸው።" አውራ ጣታቸውን አዞሩላት፤ ከሥሩ እንደ ባቄላ ያበጠ መጅ አለ። "አምሳ ዓመት የቆረጥኩበት ነው። ግራኝ ነኝ። ስማር አስተማሪዬ እጄን ትመታው ነበር። አጎቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ 'እጇን ከምትቀይር መቀሷን እንቀይርላት' ብሎ ሠራልኝ። ክሩን ብትፈቺው ሦስት ነጥብ አለ። ለእኔና ለእሱ ብሎ ነው የመታው፤ ሌላ ሰው አይቶት አያውቅም። ለዚያ ነው ክር የጠመጠምኩበት።"

ተነሥታ ወደ መደርደሪያው ሄደች፤ የሌለውን ልትፈልግ። ሁለት መደርደሪያ መካከል ቆማ ስልኳን ከፈተች። ከዝርዝሩ መሀል፣ መቀስ ከሚለው ሥር፣ ክሩም ነጥቡም ለዓለም ተሰጥቶ ነበር። ሹራብ የለበሰችዋ ሴት የተናገረችው የመዝጋቢዋን የራሷን ቃል ነው፤ ከነቅደም ተከተሉ።

ወደ መስኮቱ ተመለሰች። ልትነግራቸው ነው የተመለሰችው። አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ተስፋ ሳይሆን እርግጠኝነት ነበር፤ መቀሱ እዚህ እንዳለ ያወቁ ያህል።

"አልመጣም፣ እማማ" አለች። "አንዳንዴ ሹፌሮቹ ያዘገያሉ። ሰኞ ይመለሱ።"

"ሰኞ?"

"ሰኞ።"

ሲወጡ ጭረቷን አነሣች። አስቀምጥ። ሣጥን ከሕዝብ ዐይን ሲሰወር ሲስተሙ ከመስመሩ አውጥቶ ገጹ መጨረሻ ላይ ይጥለዋል፤ ቀን ሙሉ የደረደረችው ፈረሰ። እንደፈረሰ ተወችው። በቀጣዩ ቀን የቀሩትን የሥራ መሣሪያዎች አንድ በአንድ አውርዳ ሌላ ምልክት ፈልጋ ጻፈችላቸው። ጋሼ መደርደሪያ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲሏት "ዓይኔን ላሠለጥንባቸው ነው" አለች። መቀሱን የወሰደችው ሴት በጻፈችው ስልክ ደወለች፤ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም አላት። ለፖሊስ ማመልከት የመዘገበችውን ማሳየት ነው። አላመለከተችም።

ሰኞ ልብስ ሰፊዋ መጡ። አልመጣም፣ እማማ። በሁለተኛው ሰኞም መጡ። ሲመጡ መጠየቅ ብቻ አይደለም፤ ከመስኮቱ ትይዩ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ትንሽ ያርፋሉ፣ ሹፌሮቹ ሲገቡ እጅ እጃቸውን ያያሉ። ሦስተኛው ሰኞ ላይ መዝጋቢዋን አተኩረው አዩና "የኮትሽ ቁልፍ ሊወድቅ ነው። አውልቂና አምጪው" አሉ።

"ተዉት፣ እማማ፣ አይድከሙ።"

"እጄ ሥራ ፈትቶ ከሚያየኝ። መርፌ እንኳ ግራ ቀኝ አይልም።"

መርፌ ከነክሩ ከአንገትጌያቸው ነቅለው ሰፉት። መዝጋቢዋ በመስኮቱ ውስጥ ሆና አየቻቸው። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች በጨርቅ ታስረዋል። "በተራ መቀስ ስቆርጥ ነው" አሉ፣ ሳትጠይቃቸው። "ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው የኖርኩት ጨርቅ አሁን አይሰማኝም። ባለፈው የአንዲት ልጅ ኮት ጀርባውን አጣምሜ ቆረጥኩት። እናቷ ምንም አላለችም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።"

ቁልፉ ዛሬም አልወደቀም። ኮቱን ግን ለመልበስ ጀርባዋ አይችለውም ነበር፤ በዚያ ክረምት ሁለት ሹራብ ደርባ ነው የከረመችው።

በአራተኛው ሳምንት ስድስቱን መዝጋቢዎች አሠለጠነች። በኃላፊው ክፍል፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ። ሣጥኑ እንዲህ ይቀየራል፣ ማብራሪያው እንዲህ ይጻፋል፣ ከመውጣታችሁ በፊት አስቀምጡ። የሰሜኑ መዝጋቢ እጁን አወጣና "የምልክቱ ሣጥን በስህተት ቢታይስ?" አለ። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ይህ ነበር ቦታው። "ሲስተሙ አንዳንዴ ያስቸግራል" አለች፤ "ደጋግማችሁ እዩት።" ሲስተሙ መልስ አይሰጥ። የተሰጠውን ይዞ ዝም ብሏል።

የምትኖረው ከአባቷና ከታናሽ እህቷ ጋር ነው። አባቷ የዚያው ድርጅት ጡረተኛ ሹፌር ነው። ጆሮው ደከም ስላለ ቤት ውስጥ የሚወራው ሁሉ ለጎረቤትም ይደርሳል። አንድ እሑድ ምሳ ላይ እህቷ "አባባ፣ ልጅህ እኮ ከእሑድ ጀምራ ሰኞን ትታመማለች" አለች።

"ምን?"

"ሰኞ ያማታል!"

"ሰኞ ያላመመው ማን አለ" አለ አባቷ።

ሳህኗን ገፋ አድርጋ፣ ስለ አንድ የሥራ ባልደረባ እንደምታወራ ሁሉ፣ ሳያውቅ ስላጠፋ ሰው ጠየቀችው። አባቷ አኘከ፣ ዋጠ።

"እኛ ጋ አንድ ሹፌር ነበር። ፍሬን የረገጠ መስሎት ነዳጅ ረግጦ ግንብ ገጨ። ሰው አልተጎዳም። እሱን ማን ይፈርድበታል፣ እግር ይሳሳታል። ኋላ ግን 'ፍሬኑ እምቢ አለኝ' አለ። መካኒኩን በማግሥቱ አባረሩት። ሹፌሩ ከዚያ ወዲህ አሥር ዓመት ነዳ፤ አጠገቡ ግን ማንም ሻይ አይጠጣም ነበር።" ዳቦውን ቆረሰ። "ባልደረባሽ ሹፌር ነው?"

"አይደለም" አለች።

"እንግዲያስ ይቅለለው። በእግር ያለ ሰው መመለሻው ቅርብ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ሰባት ሰኞ ተመላለሱ። ስምንተኛው ሰኞ አልመጡም። እስከ አራት ሰዓት መስኮቱን አየች፣ እስከ አምስት አየች። መገላገል ይመስላት ነበር፤ ግን አግዳሚው ባዶ ሲሆን ክፍሉ ውስጥ አየር ያጠረ መሰላት። መቀስ ጠፋብኝ ሲሉ ያስመዘገቡትን አድራሻ ቀድታ ጋሼ መደርደሪያን መስኮቱን ይያዙልኝ አለቻቸው።

ቤታቸው መንገድ ዳር ያለ ምድር ቤት ነው፤ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተሰቀሉ የወረቀት ልኮች። አሮጊቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የቀኝ አውራ ጣታቸው እስከ አንጓው ታስሯል።

"መጣ እንዴ?" አሉ፤ ብድግ ሊሉ።

"አይነሡ፣ እማማ። አልመጣም። አይመጣምም።" በሩ ላይ እንደቆመች ነገረቻቸው። ቅጹን፣ ሣጥኑን፣ ቅጂውን፣ ጭረቷን። ያልገባቸውን ቆም ብላ አስረዳች፤ "አንድ ዓምድ ነበር፣ መታጠፍ የነበረበት። ተዘርግቶ ቀረ። አንዲት ሴት አንብባ መጥታ ወሰደችው። እርስዎ በመጡበት ዋዜማ።"

ውጭ አውቶቡስ አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

"ነጥቦቹንም አነበበች?"

"አዎ።"

"ሌላም ሰው?"

"ገጹን የከፈተ ሁሉ።"

አሮጊቷ ግራ እጃቸውን አንሥተው መጁን በሌላኛው እጅ ሸፈኑት፤ እርቃን የሆነ ነገር እንደሚሸፍን ሰው። መቀሱ ከጠፋባቸው ቀን ይልቅ ያኔ የባሰ ያጡ መሰሉ።

"ሆን ብለሽ ነው?"

"አይደለም። አላየሁትም ነበር።"

"አላየሽውም።"

"አላየሁትም፣ እማማ።"

"ያላዩት አያስከስስም" አሉ፤ ድምፃቸው ደክሟል። "መቀሱን ሳታዪ ነው። ሰኞዎቹን ግን እያየሽ ነው። ሰባት ሰኞ። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ? ከማዞሪያው እስከ መስኮትሽ ስንት እርምጃ እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

አታውቅም። አለቀሰች፤ እሳቸው እስክታበቃ ጠበቁ እንጂ አላባበሏትም። ስታበቃ "በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል" አሉ። ዘግታ ውስጥ ቀረች።

በማግሥቱ ለኃላፊው ነገረች። ከወንበራቸው ሳይነሡ ሰሙና ወረቀት አወጡ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለት ወር ከሲስተሙ መታገድ። ለስድስቱ ጣቢያዎች መዝጋቢዎችም በአንድ ቀን ደውላ "ሲስተሙ አይደለም፣ እኔ ነኝ" አለቻቸው። የሰሜኑ መዝጋቢ "እሺ፣ ምልክቱስ" አለ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እናቱ አልቀለደም። ሁለት ወር በአሮጌው መዝገብ ላይ በእጇ ስትጽፍ ከረመች፣ ዓምዱንም እያጠፈች። መቀሱ አልተገኘም። ብረት ቀጥቃጮችን ጠይቃለች፤ አንዱ ሠራላት፤ ልብስ ሰፊዋ ከፍተው ዘጉትና "ይኼ የአጥር መቁረጫ ነው" ብለው በጨዋነት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ወደዚያ ምድር ቤት ትሄዳለች። አሮጊቷ በጠመኔ ያሰምራሉ፣ እሷ ትቆርጣለች። መጀመሪያ መስመሩን እየሳተች ሁለት እጅጌ አበላሸች።

"መስመሩን ተከተይ እንጂ አትቅደሚው።"

"እየተከተልኩት ነው፣ እማማ።"

"እኔ እዚህ ሆኜ ሲሸሽሽ አየዋለሁ።"

ቀስ በቀስ እጇ ለመደ። ደምበኞች ሲመጡ አሮጊቷ "ቀኝ እጄ ናት" ብለው ያስተዋውቋታል፤ ሰው ይስቃል። አንድ ቀን ጎረቤታቸው፣ ጫማ ሰፊው፣ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ "መቀስዎን ያስበላችው ይቺ ናት?" አለ፤ እሷ እየሰማች። ልብስ ሰፊዋ ከጨርቁ ቀና አላሉም። "ሳታውቅ ነው" አሉት። "ብታውቅማ እዚህ ቤት አትገባም ነበር።"

መዝጋቢዋ ጨርቁ ላይ አቀርቅራ ቆረጠች። ያን ቀን መስመሩን አልሳተችም።

ይህ ሁሉ ቢጻፍ አትቃወምም፤ ውሸቱም፣ ሰኞዎቹም፣ ማስጠንቀቂያውም። አንድ ነገር ብቻ ሳይጻፍ ይቅር ብላ ለምናለች። በዚያ የመጀመሪያው ሰኞ፣ ቅጹን አስቀምጣ እንደጨረሰች፣ ድርድሩ በውጭ ሰው ዐይን እንዴት እንደሚያምር ልታይ ገጹን በስልኳ ከፍታ ነበር። የምልክቱ ሣጥን ከቀለሙ ሥር ወጥቶ ቆሟል። አየችው። ምን ማለት እንደሆነም ያኔውኑ ገባት። ጭረቷን ብታነሣት ሣጥኑ ወደ ታች ይወድቃል፣ ድርድሩ ይፈርሳል፤ ኃላፊው ደግሞ ሐሙስ ሊያዩት ነው። ማን ያነበዋል አለች። ሐሙስ አይተው ሲሄዱ አነሣዋለሁ ብላ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።